ለሮኬት ሠሪው የጻፍኩት ምስክርነት

ፓርክ ሮያል ውስጥ የምሠራበት ፋብሪካ ሳንድዊች ያመርታል። በቀን የምናወጣውን ሳንድዊች ጫፍና ጫፉን ብናያይዘው ከለንደን ተነስቶ ጎንደር ይደርሳል፤ እዚያም ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ይሄን ስናገር ልጄ «አባዬ፣ አታጋንን!» ትለኛለች። እሺ፣ ምሳውን አይበላም።

እዚያ ላይን ሊደር፣ ማለትም የአንዱ ማምረቻ መስመር አለቃ፣ ነኝ። ስሙ ነው እንጂ የሚመራ ነገር የለም፤ ዳቦው በራሱ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። አሥራ አራት ሰዎች ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ፀጉራችንን በመረብ ሸፍነን፣ አጥንት በሚያቀዘቅዝ አዳራሽ ውስጥ ስንሰለፍ ለቲማቲም ቀዶ ጥገና የተጠራን ሐኪሞች እንመስላለን። እንዲህ ሆኖ ስምንት ሰዓት ለመቆም ወይ ጸሎት ወይ ቀልድ ያስፈልጋል። ጸሎቱን ለሌሎች ተውኩና ቀልዱን ያዝኩ። ያ ነው ያጠፋኝ። እኔን ብቻ ቢያጠፋ ደግሞ ደግ ነበር።

የማወራላችሁ ህንዳዊ የመጡት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ቀጭን፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ጫማቸው ለሳንድዊች ፋብሪካ ከሚገባው በላይ የተወለወለ። የሰጧቸው ሥራ ቴርሞሜትር መያዝ ነበር፤ በየሩብ ሰዓቱ የዶሮውንና የእንቁላሉን ቅዝቃዜ ይለካሉ፣ ከአምስት ዲግሪ በላይ ከሆነ አያሳልፉም።

በእኔ ዘመን አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ህንድ ሲያይ እጁ በራሱ የቤት ሥራ ደብተሩን ይፈልጋል። ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ እኛም ውለታቸውን የመለስነው አነጋገራቸውን በመቅዳት ነው። ስለዚህ ገና ሳንተዋወቅ «ቲቸር» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። አንገቴን እያወዛወዝኩ፣ የድሮ መምህሬን ድምፅ አውጥቼ፣ «ዋት ኢዝ ኤክስ?» አልኩ። ላይኑ በሙሉ ሳቀ። ዳቦ ላይ ቅቤ የምትቀባው ያገሬ ልጅ ከሳቋ ብዛት ቅቤውን ጓንቷ ላይ ቀባችው።

እሳቸው ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይሄ የሰሜኖቹ አነጋገር ነው። እኔ ከደቡብ ነኝ።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንድ ነው። እዚህ ላይ ግን አንቱ ነው የምላቸው፤ አፌ ያጎደለባቸውን እጄ ይካስ።

«ካገርዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው በሻይ ሰዓት።

«ሮኬት።»

አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው። እኔ ለንደን ውስጥ ያገኘሁት ስደተኛ ሁሉ አገሩ ትልቅ ሰው ነበር። ታክሲ ብትይዙ ሹፌሩ ያስተዳደረው አውራጃ አለው፤ ፀጉር ልትስተካከሉ ብትገቡ መቀሱን የያዘው ጦር አዝምቷል። እኔ ራሴ ለአንዱ ጎረቤቴ የባቡር ጣቢያ አዛዥ ነበርኩ ብዬዋለሁ፤ በእርግጥ የነበርኩት ትኬት ቆራጭ ነው። ስለዚህ ሮኬቱን ሰምቼ ቀጣዩን ጠበቅኩ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ሽልማቱን፣ ሰልፉን። አልመጣም።

«ሮኬት ምኑን?» አልኩ።

«ቫልቭ።»

ሌላ አልጨመሩም። የእሳቸው ታሪክ እንደ ጥርስ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚነቀለው። በአራት ዓመት የሻይ ሰዓት ውስጥ የነቀልኩትን ላጫውታችሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው አሥር ዓመት ያህል ሌላ ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ ከኮኮናት ዛፍ በቀር ምንም በሌለበት የባሕር ዳርቻ ላይ ያገራቸው የሮኬት ጣቢያ ተቀጠሩ። የተሰጣቸው የሽሮ ድስት ክዳን የምታህል አንዲት ቫልቭ ነበረች። ነዳጁ በቧንቧ መጥቶ ደጇ ላይ ይቆማል፤ ዓይን እስኪጨፈን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መከፈት አለባት። ቀደም ብትል ሞተሩ ይፈነዳል፣ ብትዘገይ አይለኮስም። በዚህች ክዳን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሬ የሚስቴን የልደት ቀን አላውቀውም።

ሮኬቱ ሊተኮስ ሲል አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። መሪው እያንዳንዱን ክፍል በተራ ይጠራል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፦ «ዝግጁ» ወይም «አቁም»። ሦስተኛ የለም። «እግዚአብሔር ያውቃል» የለም፣ «ችግር የለም፣ ይደርሳል» የለም። ትንሹ ልጅ «አቁም» ካለ ትልቁ ሰው ይቆማል።

«አንድ ጊዜ ዝግጁ አልኩ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቴርሞሜትሩን በአልኮል እየጠረጉ። «ፈረምኩ። ሮኬቱ ተነሳ። ሁለተኛው ሞተር የሚለኮስበት ሰዓት ሲደርስ ቫልቭዋ ግማሽ ድረስ ተከፍታ ቆመች። ከነሳተላይቱ ባሕር ገባ።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ?»

«እንደዚያ አንጠይቅም። የምንጠይቀው የትኛው ደረጃ ላይ ማቆም ይቻል ነበር ብለን ነው።»

ስምንት ወር ፈልገው ያገኙት ነገር ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነች የብረት ፍቅፋቂ ናት። ቫልቭዋ ስትታጠብ ከውስጥ ቀርታ ነበር። ያጣጠብ ሥርዓቱን ከሥሩ ለወጡት። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሁሉ ተከፈቱ፤ አንዷም ወደ ጨረቃ በሄደችው መንኮራኩር ሮኬት ላይ ነበረች። እሷ ስትሄድ እሳቸው ለንደን ገብተዋል። ሚስታቸው ነርስ ናቸው፤ እዚህ አንድ ሆስፒታል ሥራ አገኙ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሷ የእኔን ሮኬት ስትጠብቅ ኖራለች» አሉኝ። «ተራው የእኔ ነበር።» ቫልቫቸው ስትከፈት ዌምብሊ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው በስልክ አዩ። አውቶቡሱ አመለጣቸው። ይሄን እኔ አልጨመርኩትም።

ሥራቸውን ግን አልለወጡም። አንድ ማክሰኞ እንቁላሉን ለኩና «አቁም!» አሉ። አምስት ነጥብ ሦስት ነበር። ላይኑ ቆመ፤ ማናጀሩ ፊቱ ቲማቲም መስሎ እየሮጠ መጣ። «ለነጥብ ሦስት?» አለ። እሳቸው ወደ ማቀዝቀዣው ሄደው የበሩን ጎማ በጣታቸው ዳበሱ፤ ከታች በኩል ተቀድዷል። ማናጀሩ ጎማውን አስቀየረ፣ ምስጋናውን ግን ዋጠው። እኔ ግን ያን ሳምንት በሙሉ ታሪኩን ሳወራው ሰነበትኩ፤ ዓርብ ላይ ሲደርስ ለንደንን ከወረርሽኝ ያዳኑ ሰው ሆነው ነበር። እሳቸው ሲሰሙ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ነጥብ ሦስት» ይላሉ። ያቺ ብቻ ናት እርማታቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ የታተመች ወረቀት ይዘው ሻይ ክፍል ገቡ። ክላፋም ውስጥ ቢሮ ያላት ትንሽ ድርጅት ለሳተላይት የሚሆኑ ትንንሽ ሞተሮች ትሠራለች፤ ቫልቭ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። እሳቸው ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለስድስት ዓመት አፕላይ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ አብዛኛው መልስ አልመለሰም።

«ይሄ የመጨረሻው ነው» አሉኝ። «ከስልሳ በኋላ ሞተር አጠገብ የሚያስጠጋኝ የለም።»

ወረቀቷን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ሁለት ሰዓት አስቀመጧቸው። በሚቀጥለው እሑድ ዌምብሊ ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። እነሱም እንደኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጾም ስለነበር ሁሉም ነገር በኮኮናት ተሠርቶ ቀረበ። ሚስታቸው ወጥ እየጨመሩልኝ፣ ባላቸው እጅ ሊታጠቡ እንደተነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲያፏጭ ሰማሁት» አሉኝ። «እዚህ አገር ከመጣን አፏጭቶ አያውቅም። ትናንት ሸሚዙን ሲተኩስ አፏጨ።»

ባልየው ተመልሰው ተቀመጡና ያሳለፉትን ነገሩኝ። ወጣቶቹ ስለተሳኩት ሮኬቶች ብዙም አልጠየቋቸውም፤ ስለወደቀው ነው። ስለዚያች ፍቅፋቂ ሁለት ጊዜ አስነገሯቸው። «ዳግመኛ ንገረን አሉኝ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የልጅ ደስታ ነበር። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አሁን ካሉበት ሥራ አለቃቸው የሆነ ሰው ምስክርነት ይጽፋል። አለቃቸው እኔ ነኝ፤ እንግዲህ እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው።

«ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አሉኝ። «ቴርሞሜትር ስይዝ አይተኸኛል። ሮኬት ስሠራ አላየኸኝም።»

«እሺ» አልኩ።

የእኛን እሺ ታውቁታላችሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ምስክር ሆኖ ልክ ልኩን ከተናገረ ወዳጁን አማው ማለት ነው። ሽማግሌ ተልኮ የሰው ሴት ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ «ልጁ ደህና ነው፣ አልፎ አልፎ ይጠጣል» ይላል እንዴ? ጠጅ አይሸትም፣ ቁጣ አያውቅም፣ እናቱን አዝሎ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል ይላል እንጂ! ሰሚውም ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነው የሚሰማው። ተናጋሪው ይጨምራል፣ ሰሚው ይቀንሳል፣ እውነቱ መሐል ላይ ይገናኛል። እንግሊዞች እንደማይቀንሱ ማን ይንገረኝ?

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው አያስቅም። እኔ ራሴ ጥገኝነት ስጠይቅ የደረሰብኝን በአጭሩ ነበር የተናገርኩት። ያሳፍራል፤ የታሰረ ሰው የሆነበትን ሁሉ ለማያውቀው ሰው አይዘረዝርም። «በቂ አይደለም» ብለው ከለከሉኝ። በይግባኙ ጊዜ ያንኑ እውነት በሙሉ ድምፅ፣ እንባዬን ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ ዳኛዋ አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ እውነትን ያለ ከበሮ ከቤት አላስወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ ማእድ ቤት ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ አስጻፍኳት። ስለ ቴርሞሜትሩ ሁለት መስመር። ከዚያ ምላሴ ሞቀ። እኚህ ሰው የጨረቃው ሮኬት ዋና አዛዥ ነበሩ። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከሥራቸው ነበር። የነኩት ሮኬት ወድቆ አያውቅም።

ልጄ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «አባዬ፣ ዲስ ኢዝ ቱ መች። ሮኬት ሲሠሩ አይተሃል እንዴ?»

«አንቺ ጻፊ።»

«ደግሞ አንዱ ባሕር ገባ ብለህ ነግረኸኛል እኮ።»

«ልጄ፣ የሰው ገበና ለቀጣሪ አይነገርም። ለሰው መቆም እንዴት እንደሆነ እናንተ እዚህ አገር የተወለዳችሁት አይገባችሁም።»

ጻፈችው። መላኪያው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። «ሹር ነህ? ልላከው?»

«ላኪው!» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሰው መልካም የሠራሁ መስሎኝ ያን ቀን ሁለት ቢራ ጠጣሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ ስንጀምር ሮኬት ሠሪው አጠገቤ መጡ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ከጋውናቸው ስር አወጡ። ፀጉሬን መረብ ውስጥ እየከተትኩ ነበር፤ ግማሹ ውጭ እንደቀረ ቆምኩ።

«የነኩት ሮኬት ወድቆ አያውቅም ብለህ ጽፈሃል?»

«እ... አዎ፣ እንዲያው ለማጠንከር ብዬ...»

«ወድቋል።»

«አውቃለሁ ቲቸር፣ ነገር ግን...»

«ወድቋል። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የነገርኳቸው እሱን ነው።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ። ወረቀቱን አነበብኩት፤ ጨዋ ደብዳቤ ነው። አመልካቹ የተናገሩትና ምስክራቸው የጻፉት አይገጥምም፤ ዋና አዛዥ ነኝ ብለው ለሥራ ባልደረቦቻቸው የሚናገሩ ከሆነ፣ በእኛ ሥራ ደግሞ የሰው ቃል ሙሉ በሙሉ የሚታመን መሆን ስላለበት፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። አያችሁ? ውሸታሙ እኔ ነኝ፣ ውሸታም የተባሉት እሳቸው። በሕይወታቸው ነጥብ ሦስት እንኳ ጨምረው የማያውቁ ሰው።

ያገሬ ልጅ ከዳቦው ጀርባ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ በአማርኛ፣ «ምን አባክ አቀበጠህ?» አለችኝ። «ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ሰው ይገድላል አላልኩህም?»

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ክላፋም ሄድኩ። ባቡር ውስጥ የምናገረውን በልቤ ሳጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ቃል ስቀንስ ራሴን አገኘሁት። ቢሮው ከአንድ የብስክሌት ሱቅ በላይ ነው። ጢሙን ያሳደገ አንድ ወጣት ኢንጂነር ወጥቶ አነጋገረኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ የነበረ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከልቤ ፈጥሬ ነው፣ እሳቸው የነገሯችሁ ሁሉ እውነት ነው፣ እንደሳቸው ያለ ሰው በምድር ላይ...

እዚህ ላይ ቆምኩ። ግን ልጁ ሰምቶታል።

በደንብ አሰበበት። ክፉ ልጅ አይደለም። «ሁለት ነገር ነግረኸናል» አለ። «አንደኛውን በጽሑፍ፣ አንደኛውን አሁን። ሁለቱም ስለሳቸው ጥሩ ለመናገር ነው። የትኛውን ልመን?»

ውሃ በብርጭቆ አመጣልኝ። እንግሊዝ ውሃ ካመጣልህ ጉዳይህ አልቋል። ሌላ ሰው ቀጥረዋል፤ ሰኞ ይጀምራል አለኝ። ደረጃውን ስወርድ አንድ ክፍል በመስታወቱ አየሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ቡና ስኒ የማታክል፣ የምታብረቀርቅ የብረት ነገር ተቀምጣለች። ቫልቭ ትሁን ሌላ አላውቅም። አላውቅም ማለት እዚያ ደረጃ ላይ ነው የጀመርኩት፤ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

ለእሳቸው ስነግራቸው ሻይ ክፍል ማንም አልነበረም። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የፈለጉትን...»

እጃቸውን አነሱ። «እንደዚያ አንጠይቅም። የትኛው ደረጃ ላይ ማቆም ይቻል ነበር?»

የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። ዓይናቸውን አየሁ፤ አይቀልዱም። የአንድን ሰው ሕይወት ሳይሆን አንድን ማሽን እንደሚመረምሩ ነው የሚያዩኝ።

«ልጄ ሹር ነህ ስትለኝ» አልኩ።

«አቁም ብላህ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«አልቆምክም።»

«አልቆምኩም።»

«ጥሩ» አሉ። «ይሄን ያዘው።» ሻያቸውን ጨርሰው ኩባያውን አጥበው ወጡ። ያ «ጥሩ» ይቅርታ አልነበረም። የተዘጋ መዝገብ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር ቢሉኝ እግራቸው ላይ ወድቄ አልቅሼ፣ አስለቅሼ፣ ታርቀን እገባ ነበር። እሳቸው ያንን አልሰጡኝም፤ ጥፋቴን ለይተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ።

ሚስታቸውን ከወር በኋላ ዌምብሊ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። «ደህና ነህ? ወደ ቤት ልገባ ነው» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ስለ ማፏጨቱ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አውቶቡስ መጣ፣ ገቡ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ያ አውቶቡስ ወደዚያ አይሄድም።

በዚህ ዓመት እሳቸው ሃምሳ ዘጠኝ ሞሉ። አሁንም እኔ ላይን ላይ ናቸው፤ አሁንም ጫማቸው የተወለወለ ነው። አብረን ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ባቡሩ እናወራለን። ቀልዴን ይሰማሉ። «ነጥብ ሦስት» ግን አይሉኝም። ምን ያህል እንዳጋነንኩ መለካት ትተዋል፤ የሚለካ ነገር ከእኔ አይጠብቁም።

በቀደም ጠዋት ያገራቸው ሮኬት ሊተኮስ ነበር። አንዱ ልጅ ስልኩን ሻይ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አቁሞት ሁላችንም ከበብን። እሳቸው ገና ልኬታቸውን አልጨረሱም፣ በሩ ጋ ሆነው የእንቁላል ትሪ ላይ አጎንብሰዋል። ሮኬቱ ጭሱን እየተፋ ሲነሳ ያገሬ ልጅ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«እስቲ ለነዚህ አዲሶቹ ንገራቸው! የሮኬቱን ታሪክ። አንተ ስትነግረው ነው የሚያምረው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፌ ውስጥ ስንቱ መጣ። ዋና አዛዡ መጣ፣ ሺህ ሠራተኛው መጣ፣ ጨረቃዋ ራሷ መጥታ ጥርሴ ላይ ተንጠለጠለች። ዋጥኳቸው።

«እሳቸው» አልኩ፣ «የሮኬት ቫልቭ ሠርተዋል።»

ሰዎቹ ቀጣዩን ጠበቁ። አልነበረም። ከዚህ ያነሰ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ልክ ያደረግኩ መስሎኝ ወደ በሩ አየሁ።

እሳቸው ከትሪው ቀና አላሉም።

«ከሠሩት አንዱ ነበርኩ» አሉ። ቴርሞሜትሩን ከእንቁላሉ ነቅለው ቁጥሩን አነበቡ። «አራት ነጥብ ስድስት። ይለፍ።»